ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፦ የመጤው ተክል ምንነትና ሳይንሳዊ ምደባ

ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ በደረቅና ሞቃታማ አካባቢዎች የሚበቅል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ እሾሃማ ቁጥቋጦ ወይም አነስተኛ ዛፍ ነው። የትውልድ ስፍራው ሜክሲኮ፣ መካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያን ደሴቶችና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ሲሆን፣ ዓላማውም የአፈር መሸርሸርንና በረሃማነትን መከላከል ነበር። ይሁን እንጂ በአፋር ክልል፣ በተለይም በአዋሽ ተፋሰስ፣ የግጦሽና የእርሻ መሬትን የሚወር መጤ አረም ሆኗል። የአፋር አርብቶ አደሮች «ደርጊ ሃራ»፣ ማለትም የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል።

ተክሉ ባቄላ፣ አተርና ግራር ከሚገኙበት የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። ሥሩ ወደ ምድር ጠልቆ ውሃ ይፈልጋል። ጥቃቅን አበቦቹ ፈዛዛ ቢጫ ቀለም ያላቸው ሲሆኑ፣ በረዘመ ዘለላ ተሰካክተው ይወጣሉ፤ ንቦችና ሌሎች ነፍሳትም ያራቡዋቸዋል። ጣፋጭ የሆነውን ፍሬ ከብቶች፣ ፍየሎችና ግመሎች ይመገቡታል። በፍሬው ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘር ግን ሳይፈጭ ከእበት ጋር ስለሚወጣ መንጋው በሄደበት ሁሉ ይሰራጫል።

የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ኦሎፍ ስዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ1788 ተክሉን ሚሞሳ ጁሊፍሎራ ሲል ሰይሞት ነበር። የስዊዘርላንዱ ደ ካንዶል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1825 ፕሮሶፒስ ወደተባለው ወገን አዛወረው። አርጀንቲናዊው አርቱሮ ቡርካርት እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት በዚህ ወገን 44 ዝርያዎችን መድቧል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን እነዚህ ዝርያዎች ከአንድ የቅርብ ምንጭ ያልተገኙ መሆናቸውን በማመልከት ወገኑን ከፋፍሎታል። በዚህም መሠረት ተክሉ ኔልቱማ ጁሊፍሎራ የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል። የቀድሞው ስም በብዙ ሰነዶች አሁንም ስለሚሠራበት መረጃ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ስሞች ማወቅ ይኖርበታል።

የምደባው ጉዳይ ለቁጥጥር ሥራም ይጠቅማል። ከሴኔጋል እስከ ሱዳን የሚበቅለውና ቀደም ሲል በፕሮሶፒስ ወገን ይቆጠር የነበረው አገር በቀል ዛፍ ዛሬ አኖኒኪየም በተባለ ሌላ ወገን ተመድቧል። አረሙን በነፍሳት ለመቆጣጠር ሲታሰብ እንዲህ ያሉ ጠቃሚ ዘመዶቹ እንዳይጎዱ ዝምድናቸውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ተክሉ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ለማጥፋት ከመሬት በታች ካለው የሥሩ አንገት ቆፍሮ ማውጣት ይገባል። ፍሬው ለከብት መኖ የሚውል ከሆነም ዘሩ እንዳይበቅል አስቀድሞ በሚገባ መፈጨት አለበት።