የሞርጌጅ መድን፦ ከፋዩ ሌላ፣ ተጠቃሚው ሌላ

የሞርጌጅ (የቤት ብድር) መድን በካናዳ የቤት ገዢ ቅድሚያ ክፍያ ከዋጋው 20 በመቶ በታች ሲሆን ብድሩ የሚገባለት ዋስትና ነው። የሕይወት መድን የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ገዢው ቢሞት ወይም ሥራ ቢያጣ ዕዳውን አይከፍልለትም። የሚተካው፣ ቤቱ ተሸጦ ዕዳውን ሳይሸፍን ሲቀር ባንኩ ላይ የሚደርሰውን ኪሳራ ነው፤ መድን ሰጪውም ያንኑ ገንዘብ ከተበዳሪው ሊጠይቅ ይችላል።

አረቦኑን የሚሸከመው ግን ገዢው ነው። ለ500,000 ዶላር ቤት 5 በመቶ ከፍሎ 475,000 የተበደረ ሰው፣ በተለመደው የ4 በመቶ ተመን 19,000 ዶላር ዕዳው ላይ ይደመርበታል፤ ወለድም ይታሰብበታል። ኦንታሪዮ ከሆነ በአረቦኑ ላይ 8 በመቶ የሽያጭ ታክስ፣ 1,520 ዶላር፣ ከኪሱ ያወጣል።

ጥቅሙ? 20 በመቶ እስኪጠራቀም ሳይጠብቁ ቤት መግዛት፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ ያለ ወለድ ማግኘት።