የማይመለስ ስም፦ የወንድ ስም ለሴት ልጅ

ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1849 «ሸርሊ» የተሰኘውን ልቦለዷን ስታሳትም ስሙ በእንግሊዝ የወንድ ነበር። የታሪኩ ባለጸጋ ወራሽ ይህን ስም ያገኘችው ወላጆቿ ወንድ ልጅ ሲመኙ ሴት ስለተወለደችላቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ወደ ሴቶች ተሻገረ፤ በ1930ዎቹ የሕፃኗ ተዋናይ የሸርሊ ቴምፕል ዝና ሽግግሩን አጸናው። አሽሊም እንዲሁ ነው። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ በመለሰው የ1936ቱ የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ ውስጥ አሽሊ ወንድ ነው፤ በ1991 እና በ1992 ግን በአሜሪካ ለሴት ሕፃናት ከሁሉም በላይ የተሰጠ ስም ሆነ።

ይህ ጉዞ መመለሻ የለውም ማለት ይቻላል። የወንድ ስም ለሴት ልጅ ሲሰጥ እንደ ሹመት ይታያል፤ የሴት ስም ለወንድ ሲሰጥ ግን እንደ ውርደት ይቆጠራል። ስለዚህ ስሙ በሴቶች ዘንድ ሲበዛ የወንዶች ወላጆች ይሸሹታል።

በአማርኛ ነገሩ ከልማድም ያልፋል። «አበበ» በራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለሴት ልጅ ሲሆን «አበበች» ይላል። በር የተከፈተው ለስሞች ሳይሆን ጾታቸው ላልተቆረጠ ቃላት ነው፤ ደስታ የራስ ደስታ ዳምጠውም የብዙ እናቶቻችንም ስም ነው።

ቋንቋው የሴትን ክብር በራሷ ቅርጽ መጥራት ይችላል። ፖላንድ በ1384 ያድቪጋን «ንጉሥ» ብላ ስትቀባ፣ ዘውዲቱ በየካቲት 1909 ዓ.ም. የነገሡት «ንግሥተ ነገሥታት» ተብለው ነው። ሆኖም የመንግሥቱ ሥራ በአመዛኙ በእንደራሴው በራስ ተፈሪ እጅ ነበር፤ የማዕረግ ስም ብቻውን ሥልጣን አይሆንም።

በባዕድ አገር ሴት ልጆቻችን የአባታቸውን ወይም የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙ የወንድ ስም አስቀድሞም አብሯቸው አለ። የመጀመሪያውንም የወንድ ለማድረግ የሚያስቡ ወላጆች የሚሰጉት ልጃቸው በስሟ ብቻ ተገምታ እንዳትገፋ ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ጊዜያዊ ነው። ዛሬ በሥራ ማመልከቻ ላይ አሽሊ የሚለው ስም ማንንም አይሸሽግም፤ ጋሻው ሲለመድ ጋሻነቱ ይቀራል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ማመልከቻውን የሚመዝነው ግን ሰው ነው። መታረም ያለበትም የልጅቷ ስም ሳይሆን ሚዛኑ ነው።