ትንባሆና የመንግሥት ገንዘብ

የዛሬው ንባባችን ስለ ትንባሆ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (ከ1864 እስከ 1881) ትንባሆ ማጨስን ከልክለው ነበር። ያጨሰ ሰው ከንፈሩ ይቆረጥ ነበር ይባላል። ቅጣቱ ይህን ያህል ከባድ ነበር።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ እ.አ.አ. በ1942፣ ነገሩ ተገለበጠ። መንግሥት ራሱ የትንባሆ ሞኖፖል አቋቋመ። ከልካዩ ሻጭ ሆነ ማለት ነው! ከሲጋራው የተገኘው ብርም ወደ ግምጃ ቤት ገባ። በደርግ ዘመንም ድርጅቱ የመንግሥት ነበር። በ2008 እና በ2010 ግን አብላጫው ድርሻ ለአንድ የጃፓን ኩባንያ ተሸጠ።

ታዲያ ማጨስ ላቆም ያለውን ሰው ማን ይርዳው? ኒኮቲን የሚሉት ነገር አንጎልን ያስለምዳል። ስለዚህ «ተው!» ብሎ መቆጣት ብቻ አይበቃም። እኔም ድሮ ይበቃል ብዬ አስብ ነበር።

በ2006 አገራችን የዓለም የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነትን ተቀበለች። ሰው የሚያወራው ስለ ክልከላው ነው። አንቀጽ 14ን ግን ልብ በሉ፤ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ምክርና ሕክምና ይመቻችለት ይላል። በእንግሊዝ አገር እ.አ.አ. ከ1999 ጀምሮ ይህ አገልግሎት በሕዝብ ገንዘብ መሰጠት ጀመረ። የሚታኘከውን የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈውንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2009 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቷቸዋል።

በእኛም አገር የ2012ቱ ሕግ በሲጋራ ላይ 30 በመቶ፣ ደግሞም በየፓኮው 8 ብር ኤክሳይዝ ታክስ ጥሎ ነበር። ከዚህ ብር ጥቂቱ ለሐኪም ቤቶች ቢመለስ፣ አጫሹ ራሱ በከፈለው መታከሙ አይደለምን?