«መካን» ከሚለው ፍርድ ወደ ሕክምና

የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ስሟ «የኢየሱስ ስፍራ» ማለት ነው። «መካን» ግን ሌላም ፍቺ አለው፤ ልጅ ያልወለደች ሴት። ይህኛው ቃል ለብዙ ዘመን ፍርድ ሆኖ ኖሯል። ጸበሉና ስለቱ ካልሠመረ፣ ባል ሳይመረመር ሚስት ትፈታበት ነበር።

በ1935 እ.ኤ.አ. ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች የወር አበባቸው የተዛባ፣ ኦቫሪያቸው በጥቃቅን ከረጢቶች የተሞላ 7 ሴቶችን ታሪክ አቀረቡ። ከኦቫሪያቸው ከፊሉን ቆርጠው ቢያወጡ የሁሉም የወር አበባ ተስተካከለ፤ 2ቱም ፀነሱ። ዛሬ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም የምንለው ይህ ነው። ችግሩ የማሕፀን መርገም ሳይሆን እንቁላል በየወሩ አለመውጣቱ ነበር። በ1960ዎቹ ክሎሚፊን የተባለው ክኒን የቀዶ ሕክምናውን ቦታ ያዘ። በ2014 እ.ኤ.አ. በ750 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ ሌትሮዞል እንደሚበልጥ አሳየ፤ የወለዱት 27.5 በመቶ ሲሆኑ በክሎሚፊን 19.1 በመቶ ነበሩ።

በአገራችን የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ከእስቴ ሩቅ ነው። ሆኖም የዚህ ሕመም የመጀመሪያ ሕክምና ከቤተ ሙከራ ፅንስ አይጀምርም፤ ባልና ሚስትን አብሮ መመርመር፣ ለ5 ቀናት የሚዋጥ ክኒንና የሐኪም ክትትል ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ አስቀድሞ መካነ ኢየሱስ ሊደርስ የሚገባው ይህ ዕውቀት ነው፤ ፍርዱ ከምርመራው እንዳይቀድም።