ማን ጻፈው፣ ማን በላው? የአስማት ደብተር፣ የቡዳ ስም እና የጎመን ድስት

(የፖድካስቱ ክፍል በጽሑፍ)

ዛሬም ከሃይፋ ነን። ዝናቡ ጀምሯል፣ የቀርሜሎስ ተራራ አረንጓዴ ለብሷል፣ በየሰፈሩ ባዶ መሬት ላይ ኹቤዛው ብቅ ብሏል። እንዲህ ባለ ቀን ድስት ጥዶ ቤት መዋል ነው የሚያምረው። እኛም ዛሬ ስለ ድስት እና ስለ ደብተር እናወራለን። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ፣ እንደርስበታለን።

ነገሩን ያነሳሁት በሰሞኑ ፋሽን ምክንያት ነው። አይታችኋል አይደል? ሻማ፣ ቆዳ የለበሰ ደብተር፣ በውስጡ የጨረቃ ቀናት፣ የደረቀ ቅጠል፣ የዱባ ሾርባ አሠራር፣ ሥጋ የሌለበት የክረምት ምግብ። ባለቤቷ ራሷን «ማኽሼፋ» ትላለች፣ ጠንቋይ ማለት ነው፣ እያለችም ትስቃለች። ደስ ይላል፣ ማንንም አይጎዳም። እኛ የቤተ እስራኤል ልጆች ግን ይህን ቃል ስናነሳው ትንሽ ይከብደናል። አያቶቻችን ይህን ስም አልመረጡትም። ሌላ ሰው ነው የለጠፈባቸው፣ የተጻፈውም በሌላ ሰው ክታብ ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው፦ ብዕሩን ማን ያዘው?

ደብተራው

በኢትዮጵያ የአስማት ጽሑፍ የተማረ ሰው ሥራ ነበር። ያ ሰው ደብተራ ይባላል። ቃሉ በግዕዝ ድንኳን ማለት ነው። «ደብተራ ኦሪት» ሲባል በምድረ በዳ የነበረው ሚሽካን ነው። ደብተራ በቤተ ክርስቲያን ዜማውን ይመራል፣ ቅኔውን ይቀኛል። አንዳንዱ ደግሞ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሥራ ነበረው፦ ቅጠል ይቀጠቅጣል፣ ሥር ይምሳል፣ ክታብ ይጽፋል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁለተኛ ሥራ ወዳው አታውቅም፣ ሕዝቡ ግን ይፈልገው ነበር። በቤተ እስራኤልም ከቄሶቻችን በታች የሚያገለግሉ ደብተራዎች ነበሩ።

ክታቡ እንዴት ይሠራል? ብራና ተፍቆ በረጅሙ ይቆረጣል፣ ቁርጥራጩም እርስ በርስ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው። ትላልቅ ዓይኖች ያሏቸው ሥዕሎች፣ ጠልሰም የሚባሉት፣ በመካከሉ ይሣላሉ። ከዚያ ጸሎቱ ይጻፋል፣ በየጸሎቱም የባለቤቱ ስም ይገባል። ክታቡ በውርስ ወይም በሽያጭ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር የድሮው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፍበታል። በሙዚየም ያሉ ክታቦችን በደንብ ያየ ሰው አንዱ ስም ከሌላው ሥር ተፍቆ ያገኛል። እንግዲህ የግል ደብተር ማለት ከዚህ በላይ ምን አለ?

ደብተራው ለራሱም ይጽፍ ነበር። የመድኃኒት መጻሕፍቱ በሽታውን ይጠራሉ፣ ከዚያ ይህን ቅጠል ውሰድ፣ አድርቅ፣ ፍጭ፣ በማር ለውስ እያሉ ይቀጥላሉ። አነጋገሩ የወጥ አሠራር ይመስላል። ስቴፋን ስትሬልሲን የሚባል ምሁር ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ማሳተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ የአንድ ደብተራን ትዝታ በመጽሐፍ አወጣ። የደብተራው ስም አስረስ ነው፣ ትዝታውም ከ1895 እስከ 1985 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ሐበሻ ጠንቋይ ስለ ራሱ ሲናገር መስማት የምትፈልጉ ከዚያ ጀምሩ።

በእኛም እጅ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነበር። «አርድእት» የተባለ መጽሐፍ አለ። በክርስቲያኖች ዘንድ ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ የሚገልጣቸው የተሰወሩ ስሞች ናቸው፤ በእኛ ዘንድ ያው ትምህርት ከሙሴ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በሃይማኖት ተለያይተው በአንድ ዓይነት ቃል ራሳቸውን ይጠብቁ ነበር ማለት ነው።

በክታቡ ላይ የተጻፈው ስም

እሺ፣ ክታቡ ከማን ነው የሚጠብቀው? ዝርዝሩ ረጅም ነው፦ ሌጌዎን፣ ዛር፣ ባሪያ፣ ዓይነ ጥላ፣ ሕፃናት የምትገድለው ውርዝልያ። በዚያው ዝርዝር ውስጥ «ቡዳ» አለ፣ አጠገቡም «ነሃቢ»። ነሃቢ በግዕዝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቀጥቃጭ። ብረት የሚሠራ ሰው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከላይ ያሉት የማይታዩ መናፍስት ናቸው። ነሃቢ ግን ሰው ነው፣ ቤት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ቅዳሜን ያከብራል። በጎንደርና በአካባቢው ያ ሰው ብዙ ጊዜ የእኛ አያት ነበር።

እንዴት ቀጥቃጭ ሆንን? ታሪኩ ከመሬት ይጀምራል። ከ1414 እስከ 1429 በነገሡት በአፄ ይስሐቅ ዘመን ቤተ እስራኤል በጦርነት ተሸነፉ። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። «ፈላሻ» የሚለውንም ስም ብዙ ሰው ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። ርስት የሌለው በሰው መሬት በእርሻ ይደክማል፣ ወይም እጁን ይጠቀማል። አባቶቻችን ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፣ በጎንደር ዘመን ግንበኛና አናጢ ሆኑ። እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ።

ከእሳት ጋር የሚውል ሰው ደግሞ ያስፈራል። ቀጥቃጩ ድንጋዩን ማረሻ ያደርገዋል፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ድስት ታደርገዋለች። ጎረቤቱ ይህን ኃይል አይቶ ቀን ሰው ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ አለ። ሃጋር ሰላሞን የምትባል የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እዚህ እስራኤል ውስጥ ከገቡ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1999 መጽሐፍ አወጣች። ርዕሱ «የጅብ ሰዎች» ነው። ስሙ ያማል። ግን የሚናገሩት እኛው ነን፣ ያ ነው ልዩነቱ።

በላው

አሁን ወደ ድስቱ። በአማርኛ ቡዳ ሰውን ያዘው ብቻ አይባልም፣ «በላው» ነው የሚባለው። ሰው ድንገት ሲታመም «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። በሽተኛው ሲለፈልፍ «ማን በላህ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ የሚጠራውም ስም የጎረቤት ስም ነው። ዓይኑ የሚያርፈው ደግሞ መብል ላይ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ሰው ሲበላ በነጠላ ይጋረዳል፣ ወጡ ይከደናል።

እንግዲህ ግርምቱን ተመልከቱ። ሰው በላ የተባሉት አያቶቻችን የሚበሉትን የሚጠነቀቁ ሰዎች ነበሩ። የሌላውን እጅ እህል አይቀምሱም፣ ከሌላው ጋር ተነካክተው ከሆነ ውኃ ወርደው ይታጠቡ ነበር፤ በዚህም «አትንኩኝ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ሥጋ የሚበሉት በራሳቸው ሰው እጅ ከታረደ ብቻ ነው፣ እሱም በበዓልና በድግስ። የዘወትሩ ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነበር።

ጎረቤቱስ? ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሥጋና ከወተት ይርቃል። የጾም ሽሮውን የሚሠራው በምንድን ነው? በሸክላ ድስት። ድስቱን ማን ሠራው? ዓይኗን የሚፈራት ሴት። ሽንብራውንስ በምን አረሰው? ሌሊት ጅብ ይሆናል ባለው ሰው ማረሻ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ የታወቀችው በዚህ ነው። ፍርሃቱና ምሳው ከአንድ እጅ ነበር የሚመጡት።

የእኛ ጾም ደግሞ ሌላ ነበር። እስከ ማታ ምንም አይቀመስም። የአስቴር ጾም፣ ለኢየሩሳሌም ጥፋት የሚያዝኑበት ጾመ አብ፣ እስከ ቀትር የሚጾሙበት ሲግድ። በፋሲካ ቂጣና ሽንብራ ይበላል፤ በብዙ ቤተሰብ አሮጌው ሸክላ ተሰብሮ አዲስ ይሠራ እንደነበር ይተረካል። በተረፈ ወቅቱ ነው የሚያዘው። በክረምት ጎተራው ሲጎድል ጎመን፤ «ጎመን በጤና» ይባል የለ። በመስከረም የበቆሎ እሸት፣ ከዚያ የባቄላና የሽንብራ እሸት። ከአጨዳ በኋላ አዲስ ጤፍ። ዛሬ በውድ የሚታተመው «የወቅት ምግብ ያለ ሥጋ» ለአያቶቻችን የዓመቱ አካሄድ ነበር፣ ስም እንኳ አልነበረውም።

እኛስ?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። የተሰደበ ሁሉ አይሳደብም ማለት አይደለም። በቤተ እስራኤልም ባሪያ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ሰላሞን ስለዚህም ጽፋለች። «ጨዋ» እና «ባሪያ» የሚለው ክፍፍል አብሮን አውሮፕላን ተሳፍሯል፣ በጋብቻ ወሬ ላይ ዛሬም ድምፁ ይሰማል። «ቡዳ» የሚለውንም ቃል እኛው በእኛው ላይ ስንወረውረው የሰማችሁ አላችሁ። ስለዚህ ብዕሩን ስንይዝ የተጻፈብንን ብቻ ሳይሆን እኛም በሰው ላይ የጻፍነውን እንጻፍ።

ሃይፋ ላይ ያለው ቅጠል

ከከተማችን ምን እናገኛለን? ብዙ። ከስቴላ ማሪስ በታች ወደ ባሕሩ የሚያየውን የኤልያስ ዋሻ ታውቁታላችሁ። አይሁድ፣ ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ድሩዝ ለስለት ይመጡበታል። ባለፉት ዘመናት አእምሮው የታወከ ሰው ወደዚያ ይወሰድ ነበር፣ ፈውስ አግኝቶ እንዲመለስ። በአገር ቤት ጸበል የሚሄደውን ሰው አስቡ። ይህችም ከተማ የራሷ ክታብ አላት ማለት ነው።

ሁለተኛው ጤና አዳም ነው። በአገር ቤት ቡና ላይ ጣል የምናደርገው፣ በርበሬ ውስጥ የሚገባው፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ከቡዳ ይጠብቃል የሚባለው። ያው ተክል በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በራሱ ይበቅላል። በዕብራይስጥ ፔጋም፣ በአረብኛ ፈይጀን ይሉታል። እዚህም ሰው ከዓይን ይጠብቃል ብሎ ያስቀምጠዋል፣ ከወይራ ፍሬ ጋር አብሮ ያኖረዋል። ከመድኃኒቱ መደርደሪያ እስከ ወጥ ቤቱ አንድ እርምጃ ነው። ማስጠንቀቂያ ግን፦ ለቡና አንዲት ቅርንጫፍ ትበቃለች፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጭራሽ ትተወው።

ሦስተኛው ኹቤዛ። እ.ኤ.አ. በ1948 ኢየሩሳሌም በተከበበች ጊዜ ሰው የበላው እሱን ነው። እንደ ጎመን ሥሩት፦ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላሉ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ፣ ታጥቦ የተከተፈውን ቅጠል አብስሉ፣ ሲወጣ ቃሪያ ጣል። ከመንገድ ዳር ግን አትልቀሙ፣ የመኪና ጭስና የውሻ ነገር አለበት። በበጋ፣ ብዙ አጥባቂ ቤተሰቦች ከቲሻ ቤአቭ በፊት ሥጋ በሚተዉባቸው ቀናት፣ አዚፋ ሥሩ፦ የተቀቀለ ምስር፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ቀዝቅዞ ነው የሚበላው። በጸደይ የሽንብራ እሸት በአረብ ገበያዎች ከነግንዱ ይሸጣል። ስታዩት አትለፉት፣ የአገራችሁ መስክ ነው።

እና ደብተሩስ? ያዙ እላለሁ። ማኽሼፋ ብላችሁ ብትሰይሙትም የእናንተ ምርጫ ነው፤ ልዩነቱ ይኸው ነው፣ አሁን ምርጫ አለ። ግን ከጨረቃው ገጽ ቀጥሎ እነዚህን አስገቡ። አያቴ በየትኛው ወር ምን ትሠራ ነበር? ድስቱን ማን ሠራው? ሰፈሩ ምን ይባላል? ጎረቤት ምን ብሎ ይጠራን ነበር? እኛስ ማንን ምን ብለን ጠራን? አያቶቻችሁን ጠይቁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ዝም ካሉ አትጫኗቸው፣ ቡና አፍልታችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ። በድስቱ ጀምሩ፣ ስለ ድስት የማይናገር አያት የለም።

ክታቡ ላይ ስም ይፋቅና ሌላ ይጻፍበታል ብያችሁ ነበር። ቡዳ፣ ነሃቢ፣ ፈላሻ የተባለው ሰው የራሱ ስም ነበረው። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ቤታችሁ አለ። እሱን ጻፉት።

ለዛሬ ይብቃን። በሚቀጥለው ክፍል ስለ ሸማኔዎቹ እናወራለን። እስከዚያው ድስቱ እንዳያርባችሁ። ሻሎም፣ ደኅና ሁኑ።