ከፕላዝማ ስክሪን የሚወጣው የማይታይ ብርሃን

ኢንፍራሬድ ወይም ታህተ ቀይ ጨረር ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ የሚገኝ፣ የሰው ዓይን የማያየው የብርሃን ዓይነት ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል ትእዛዙን የሚያስተላልፈው በዚሁ ጨረር ነው። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልክ ካሜራ አዙሮ ቁልፉን የተጫነ ሰው በብዙ ስልኮች ላይ ብልጭታውን ሊመለከት ይችላል። በጠባብ ክፍል ውስጥ ታምቆ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ጋዝም ይህንኑ ጨረር ያመነጫል።

የፕላዝማ ስክሪንን እ.ኤ.አ. በ1964 የፈለሰፉት በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶው እና ሮበርት ዊልሰን ናቸው። ያሰቡት ለሳሎን ቴሌቪዥን ሳይሆን ፕላቶ ለተሰኘው፣ በኮምፒዩተር ለታገዘ የማስተማሪያ ሥርዓት ነበር።

በኋላ ለቴሌቪዥን በዋለው ስክሪን ውስጥ በሁለት መስታወቶች መካከል የኒዮንና የዜኖን ድብልቅ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ኤሌክትሮኖች ከጋዙ አቶሞች ጋር ይጋጫሉ፤ የዜኖን አቶሞችም የተቀበሉትን ጉልበት በጨረር መልክ ይለቃሉ። ለምስሉ የሚፈለገው በ147 እና በ173 ናኖሜትር አካባቢ ያለው አልትራቫዮሌት ነው። ይህ ጨረር የክፍሉን ግድግዳ የለበሰውን አብሪ ዱቄት ሲመታ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይወጣል። ይሁን እንጂ የዜኖን አቶም ጉልበቱን የሚጥለው ደረጃ በደረጃ ነው። ከላይኛው ደረጃ ወደ መካከለኛው ሲወርድ በ823 እና በ828 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ይረጫል፤ እስከ 1000 ናኖሜትር ባለው ክልልም ሌሎች መስመሮች አሉት።

ችግሩ አብዛኞቹ ሪሞቶች በ940 ናኖሜትር አካባቢ መሥራታቸው ነው። ከስክሪኑ የሚወጣው ኢንፍራሬድ በአቅራቢያው ያሉ መሣሪያዎችን ተቀባይ ስለሚያደናግር አምራቾች ጨረሩን የሚያግድ ማጣሪያ ከስክሪኑ ፊት ለመግጠም ተገደዋል። ለገዢው እንከን የሆነው ይህ ጨረር ለተመራማሪው ግን ሲሳይ ነበር። አልትራቫዮሌቱ በመስታወቱ ታግዶ ሲቀር ኢንፍራሬዱ ያልፋል፤ በዚህም ክፍሉን ሳይከፍቱ በውስጡ ያለውን የጋዝ ሁኔታ በልዩ ካሜራ መከታተል ተችሏል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጋሪ ኤደን፣ በኋላም ከሱንግ-ጂን ፓርክ ጋር፣ የጋዙን ክፍል እጅግ አሳንሰውታል። በሲሊከን ላይ ከቀረጿቸው የተገለበጠ ፒራሚድ መሰል ጉድጓዶች መካከል አፋቸው 50 ማይክሮሜትር ብቻ የሆኑ ይገኙባቸዋል፤ ይህም ከአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቅም። ማነሱ ለውበት አይደለም። ፍሬድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው ጋዝን ለማቀጣጠል የሚያስፈልገውን ቮልቴጅ የሚወስነው የጋዙ ግፊትና የኤሌክትሮዶቹ ርቀት ብዜት ነው። ርቀቱ በመቶ እጅ ቢያንስ፣ በዚያው ቮልቴጅ ግፊቱን መቶ እጥፍ ማሳደግ ይቻላል። ስለዚህ እንደ ፍሎረሰንት አምፖል አየሩ በእጅጉ የተመጠጠ ዕቃ ሳያስፈልግ፣ በከባቢ አየር ግፊት አካባቢ የሚሠራ ስስ ሰሌዳ ማዘጋጀት ይቻላል።

አብሪው ዱቄት ቀርቶ ተስማሚ ጋዝ ከተሞላ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድ የኢንፍራሬድ ነጥብ ይሆናል። የሚፈጠረውን ምስል የሚያነበው ካሜራ ወይም የሌሊት ማያ መነጽር ብቻ ነው። ለአንዲት ነጥብ ብርሃን ከሆነ ግን በሪሞት ውስጥ ያለችው ርካሽ ኤል.ኢ.ዲ. ትበቃለች። በቴሌቪዥን ገበያም ፕላዝማ ለኤል.ሲ.ዲ. ተሸንፏል፤ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2014 ምርቱን አቁመዋል።