ኮሶ በአገሩና በባዕድ አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ የሚሄድ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የሚሄድ ቡራዩን፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚያልፍ ሱሉልታን ያገኛል። በሦስቱም ከተሞች ልኳንዳዎች መንገድ ዳር ተሰልፈዋል፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላበት ስፍራ ደግሞ የኮሶ ትል አይታጣም። በአማርኛ ትሉም መድኃኒቱም ኮሶ ይባላሉ፤ በኦሮምኛ ዛፉ ሄጦ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ መድኃኒት በአንዱ አገር ተፈቅዶ በሌላው የሚቀርበትን ምክንያት ሲሆን፣ ለዚህ ከኮሶ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

የቀድሞ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ ይፈጫል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። የጠጣው ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ ባለመቀበሉ ማንም አይቀየመውም። (ኮሶውን ሳይቀምስ በሰበቡ ብቻ የተጠቀመም አይጠፋም።) መጠኑን የሚወስነው ግን ልምድና እፍኝ ነበር።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ለአውሮጳ ሊቃውንት ገለጠ፤ ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። በኋላም በቁስጥንጥንያ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም ብራየር የአበባውን ኃይል አስታወቀ። በ1864 የወጣው የእንግሊዝ ፋርማኮፔያ፣ ይኸውም በሕግ የጸደቀው የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ኮሶን ከነመጠኑ መዘገበ፤ የአሜሪካውም ተቀበለው። እንግዲህ አበባው በለንደን በሚዛን ተለክቶ ሲሰጥ፣ በበቀለበት አገር የመንግሥት ደንብ አልነበረውም። ነገር ግን ባሕር ተሻግሮ የሚደርሰው አበባ ብዙ ጊዜ አርጅቶ ኃይሉ ደክሞ ይገኝ ነበር፤ በሃያኛው መቶ ዓመት ከእነዚያ መጻሕፍት ወጣ። እኛ ዘንድ መጠጣቱ አልቀረም። የመድኃኒት ቤቶች ደንብ በ1964 ወጣ፤ በ1969 ደግሞ የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት በኮሶ መመረዝ ዓይንን እንደሚጎዳ የሚያስረዳ ጽሑፍ አተመ። የእፍኝ ነገር ቀላል እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

በኮሶ ምትክ የመጡት ክኒኖችም ከዚህ ዕጣ አላመለጡም። አሜሪካ ኒክሎሳማይድንና ፕራዚኳንቴልን በ1982 ፈቀደች። ፕራዚኳንቴል እዚያ የተፈቀደው ለቢልሃርዚያና ለጉበት ትል ነው፤ ለኮሶ ትል ሐኪሙ በራሱ ፍርድ ካላዘዘው በቀር በፈቃዱ አልተጻፈም። ኒክሎሳማይድ ከዚያ ገበያ ጠፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ግን ሁለቱንም ይዟል፤ በኢትዮጵያም የሕክምና መመሪያ ሁለቱም ለኮሶ ትል ይታዘዛሉ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሰምቶ «አሜሪካ ያልፈቀደችውን እኛ እንዴት እንውጣለን?» ይላል። በበኩላችን ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለናል። ባለሥልጣኑ የሚፈርደው አምራቹ በማመልከቻ ባቀረበለት በሽታ ላይ ነው፤ የኮሶ ትል ብርቅ በሆነበት አገር ለዚህ ገንዘብ አውጥቶ የሚያመለክት ነጋዴ ከየት ይገኛል? የወረቀቱ ዝምታ ክልከላ አይደለም። ኮሶን ከመጻሕፍቱ መውጣቱ ብቻ መርዝ እንዳላሰኘው ሁሉ፣ ቀድሞ መመዝገቡም ከጉዳት ነጻ አላደረገውም።

ለአዋቂ የሚታዘዘው ኒክሎሳማይድ ሁለት ግራም፣ ማለት አራት ፍሬ ነው፤ በአንድ ጊዜ ታኝኮ ይዋጣል። በየቤቱ ለሚበጠበጠው ኮሶ ግን መለኪያው ያው እፍኝ ነው።